ያሳጠርኩት ስንዝር

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለልጄ ባል፣ ሆስፒታል ለተኛኸው፤

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ደረጃውን ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ። ምግቤን ራሴ አበስላለሁ፣ ጨው ሲበዛበትም ራሴው እበላዋለሁ። የስፌት መኪናዬን ፈትቼ ዘይት ቀብቼ እገጥማለሁ። መርፌ ላይ ክር የምሰካው ያለ መነጽር ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልህ «አባባ ብቻቸውን እንዴት ይሆናሉ፣ ሰው እንላክልዎት ወይ» ስላልከኝ ነው። አትላኩ። ስፌት ቤቴ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው፣ እሱም ላይ እኔ አለሁ።

ማን ጻፈልዎት እንዳትል፣ እኔው ነኝ። ጎረቤት ያለችው ተማሪ ልጻፍልዎት ብላኝ እምቢ አልኳት። ፊደሌ ዶሮ የጫረው ቢመስልም ዶሮዋ የራሴ ናት።

«በስልክ ለምን አያወሩኝም» ላልከው፣ ያንተን ስልክ የምታነሳው ልጄ ናት። ልጄ ደግሞ ድምፄን ከሰማች የሆዴን ታውቃለች። ስለዚህ ወረቀት ይሻለኛል።

አንድ ወር ሙሉ ስትተኛ አንድ ቀን እንኳ መጥቼ አልጠየቅኩህም። ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። የሁለት ከባድ መኪና ሸራ ይዣለሁ፣ ባለቤቶቹ በየቀኑ ይመላለሱብኛል። አውቶቡሱም ወገብ ይቆርጣል። ወገብ ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ያንተ ወገብ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ልሰርዘው ብዬ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ተውኩት።

የምትበርበት የጨርቅ ክንፍ የት ነው ላልከኝ፣ እኔ ዘንድ ነው። የወደቅክ ዕለት ተማሪዎችህ ከነከረጢቱ አምጥተው ስፌት ቤቴ ጥግ ላይ ጣሉት፤ ጠጋኙ እኔ ነኛ። በአራተኛው ቀን የአብራሪዎች ማኅበሩ መርማሪ መጣ። መሬት ላይ ዘረጋው፣ ጨርቁን ወደ ብርሃን ይዞ አየ፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ለካ። ክንፉን የምታዘገይበትን የፍሬኑን ገመድም ለካ። ልክ ነው ብሎ ጻፈ።

እና «የፍሬኑ ገመድ ልቅ ነበር ወይ» ላልከው መልሱ ይኸው ነው። መርማሪው ሲለካው ልቅ ነበር።

«እጄን ለቅቄ ነበር፣ እርስዎስ ያምኑኛል ወይ» ላልከው ምን ልበልህ? እኔ ሰማይ ላይ አልነበርኩም። መሬት ላይ የምኖር ሸራ ሰፊ ነኝ።

አሞራው ብዬ ስጠራህ ይከፋህ ነበር አሉ። ከእንግዲህ አልጠራህም።

አማትህ


ጥቅምት 19 ቀን

ይድረስ ለልጄ ባል፤

ሁለተኛው ቀዶ ጥገና በደህና ማለቁን ሰማሁና ደስ አለኝ። «ደስ አለኝ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሁለቱን ሰረዝኩ፤ ሲበዛ ውሸት ይመስላል ብዬ።

ልጄ የላከችልኝን ሹራብ ለምን መለሱት ላልከው፣ ይሰፋኛል።

ትምህርት ቤቱ ምን ይላል ላልከው፣ መርማሪው ወረቀቱን አውጥቷል። የማብረሪያ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። ሲያነቡት ሰማሁ። ነፋሱ አስቸጋሪ ነበር፣ ዕቃው ጉድለት አልተገኘበትም፣ አብራሪው ፍሬኑን በጊዜ አልለቀቀም ይላል። እስከ ኅዳር 20 ፈርመህ ካመንክ የማስተማር ፈቃድህን ትመልስና ጉዳዩ ይዘጋል። አላምንም ካልክ ማስረጃ አምጣ ይሉሃል። ይህን መቼም ሳትሰማው አትቀርም።

ሰው ምን ይላል ላልከው ልዋሽህ አስቤ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ሁለት ተማሪዎችህ የተበጠሰ ማሰሪያ ሊያሰፉ መጡ። እኔ አቀርቅሬ እየሰፋሁ ነው።

«እጁ ተጣብቆ ነው» አለ ረጅሙ። «ስንት ዘመን እኛ ላይ ‹ልቀቅ! ልቀቅ!› እያለ ሲጮህ ኖሮ፣ ተራው ሲደርስ እጀታውን እንደ ጡጦ ይዞ ቀረ።»

«ፈራ በቃ» አለ ሌላው እየሳቀ። «ምነው፣ አስተማሪ አይፈራም ያለህ ማነው?»

«አይ፣ ይፈራል። ግን እሱ ሲፈራ ማየት ነበረብኝ።»

ከዚያ እኔን አዩኝ። ረጅሙ አፉን በእጁ ያዘ። «ውይ፣ ጋሽ ሸራ! አማችዎ መሆኑን ረስተን እኮ ነው። ይቅርታ ያድርጉልን።»

«ምንም አይደል» አልኳቸው።

ክሩን በጥርሴ በጠስኩና ማሰሪያቸውን ሰጠኋቸው። ምንም አይደል አልኩ። ስላልኩ ይቅር በለኝ። ሌላውን ሌላ ጊዜ።

አማትህ


ጥቅምት 27 ቀን

ይድረስ ለአባባ፤

በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ የላኩልኝ ቁራጭ ወረቀት ደርሶኛል። በአንድ መስመር «እንዴት ሆነ?» ብለው ጠይቀው ሲያበቁ ከታች «ባትመልስልኝም ግድ የለም» ማለትዎ አሳቀኝ። ስስቅ ጎኔን ያመኛል፣ ቢሆንም ይሁን። ከወደቅኩ ወዲህ እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሁሉም የሚጠይቀኝ ለምን እንደሆነ ነው።

ቀትር ነበር። መሬቱ ሲግል አየሩ ከሥር ይገነፍላል። ሸንተረሩን እንዳለፍኩ የክንፉ ግንባር በአንዴ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ይህ ለተማሪ ያስደነግጣል እንጂ ለእኔ የዘወትር ነው። ከፈትኩት። ሲከፈት ግን እንደ ወትሮው ወደ ፊት አልሮጠም፤ አናቴ ላይ ቆመ። ነፋሱ ከጆሮዬ ጠፋ። አባባ፣ እኛ ከነፋሱ ጩኸት ይልቅ ዝምታው ነው የሚያስፈራን። ክንፉ ሙሉ ተዘርግቶ ይታይዎታል፣ ግን አይበርም። ሰው እንደያዘ ጃንጥላ ዝም ብሎ ይወርዳል። ስቶል የምንለው ይህን ነው።

ያን ጊዜ የሚደረገው ፍሬኑን ጨርሶ መልቀቅ ነው፤ ክንፉ ፍጥነቱን ራሱ ያገኛል። ሰው የሚጎዳው ባለመልቀቁ ነው። የሚወድቅ ሰው የጨበጠውን የባሰ ይጨብጣል። ስምንት ዓመት የጮህኩት ለዚህ ነው።

ለቀቅኩ። የፍሬኑን እጀታዎች ገመዳቸው እስከሚያልፍበት መዘውር ድረስ አነሳኋቸው። ምንም የለም። የፊቶቹን ማንጠልጠያዎች ወደ ፊት ገፋሁ። ምንም። ቀና ስል የክንፉ የኋላ ጠርዝ ወደ ታች ተስቦ ያየሁ መሰለኝ። ማን ነው የሚስበው? እጆቼ ከራሴ በላይ ናቸው። መጠባበቂያውን ፓራሹት ወረወርኩት፤ ግማሽ እንደተከፈተ መሬት ደረስኩ።

እንዲህ ነው የማስታውሰው። አሁን ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ራሴን ማመን እያቃተኝ ነው። መርማሪው «የወደቀ ሁሉ ለቅቄ ነበር ይላል» ብሎኛል። ገመዱ ልክ ከነበረ የሚቀረው እጄ ነው። ተኝቼ እጆቼን ሳይ እውላለሁ። ልጅዎ «ምን ታያለህ?» ትለኛለች። የዋሹኝን ሁለቱን ነው የማየው። ስለዚህ ልፈርም ነው። ቢያንስ ክርክሩ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ምን ሠርቼ እንደምኖር እናያለን።

እኔም ይቅርታ አለብኝ። ካቻምና የሰፉልኝን ከረጢት በማስመሪያ ስለካ አገኙኝና «እኔን ነው የምትለካው?» ብለው ሁለት ወር ዘጉኝ። ልክ ነበሩ። የእኔን ዕድሜ ያህል ሲሰፉ የኖሩትን ሰው መለካት ነውር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእርስዎ እጅ የወጣ ነገር ደግሜ ለክቼ አላውቅም። የሌላውን ሁሉ ሁለት ጊዜ እለካለሁ፤ የእርስዎን ብቻ እንዳለ እይዛለሁ።

ልጅዎ ሰላም ብላለች። በሹራቡ ግን ተቀይማለች።

ልጅዎ


ኅዳር 3 ቀን

አትፈርም።

ምክንያቱን ልጽፍልህ ተቀምጬ አራት ወረቀት ቀደድኩ። አምስተኛው ይኸው ነው፣ እሱም ከዚህ በላይ አልወጣለት አለ።

ከረጢቱን ስለለካህ ይቅርታ አትጠይቀኝ። መለካት ነበረብህ። ሁሉንም መለካት ነበረብህ።

አትፈርም።


ኅዳር 8 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ልጄ ያልኩት አንተን ነው።

«ለምን?» ብለህ አንድ ቃል ብቻ ላክህልኝ። በአንድ ቃል ከሆነ መልሱ እኔ ነኝ።

እጅህን ለቅቀህ ነበር። አውቃለሁ። ከወደቅክበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።

ነሐሴ ላይ የፍሬኑ ገመዶች ሳስተዋል፣ ይቀይሩልኝ ብለህ አመጣህልኝ። አዲሱን ከአሮጌው ጎን ዘርግቼ ቆረጥኩ። አሮጌው ላይ እጀታው የሚቋጠርበት ምልክት ነበር፤ አዲሱም ላይ በእስክሪብቶ አሰመርኩ። እስከዚህ አልተሳሳትኩም። እጀታውን ምልክቱ ላይ ቋጠርኩና ክንፉን ከጣሪያው እንጨት ላይ ሰቅዬ ራቅ ብዬ አየሁት። ገመዱ ተንዘላዝሏል። አንድ ጭብጥ ሙሉ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ሃምሳ ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በመወጠር ነው። የመኪና ሸራ ከላላ ነፋስ ይቀድደዋል፤ ድንኳን ከላላ ውሃ ይቋጥራል። ከዚህ ቤት የላላ ነገር ወጥቶ አያውቅም። ተማሪዎችህ ቀና ብለው አይተው «ጋሽ ሸራ አረጀ» ሲሉ ታየኝ። ፈታሁትና ስንዝር ከፍ አድርጌ ቋጠርኩት። ቀጥ አለ። በጣቴ ስመታው ድምፅ ሰጠኝ። አማረብኝ፣ ምን ልዋሽህ፣ በጣም አማረብኝ።

ልቅ ይተዉት ብለኸኝ ነበር። «አባባ፣ ሲያዩት ስህተት ይመስላል፣ ግን ለክንፉ መተንፈሻው ነው» ብለኸኝ ነበር። ትናንት ጢም ያወጣ ልጅ ስለ ገመድ ሊያስተምረኝ ብዬ ጆሮዬን ደፈንኩ። ልኩ ያለበትን ወረቀት ግድግዳዬ ላይ ለጠፍክልኝ። አላነበብኩትም። አላነበብኩትም ስልህ፣ አልቻልኩም ማለቴ ነው። ቁጥር አውቃለሁ። ፊደልም አንድ በአንድ እለቅማለሁ፤ ጥቅጥቅ ብሎ በማተሚያ ሲመጣ ግን ይጨፈግግብኛል። የምታነብልኝ ሚስቴ ነበረች። ሠላሳ ዓመት እሷ እያነበበች እኔ ቆረጥኩ። ልጄ ይህን አታውቅም። እናቷ ደብቃልኝ ሞተች። ያን የነፋሱን ዝምታ የጻፍክልኝን ደብዳቤ ለማንበብ አምስት ቀን ፈጅቶብኛል። እያንዳንዷን ቃል ለብቻዋ ነው የሰማኋት።

እዚህ ድረስ ያለውን ስህተት በለው። ቀጥሎ ያለው ስህተት አይደለም።

ተማሪዎቹ ከረጢቱን ጥለው እንደወጡ ከፈትኩት። እጀታውን እስከ መዘውሩ ገፋሁና የኋላ ጠርዙን ዘርግቼ አየሁ። ገመዱ ውጥር ነው። ማንም ሳይነካው ፍሬን ይዟል። አንተ እጅህን ብታነሳ ባታነሳ፣ እኔ ከታች ሆኜ ይዤብሃለሁ።

በጠራራ ፀሐይ፣ በሬ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሰው «ጋሽ ሸራ፣ እንዴት ዋሉ?» እያለኝ ሲያልፍ፣ ሁለቱን ቋጠሮዎች በወስፌ ፈታሁና ምልክቱ ላይ መልሼ ቋጠርኳቸው። ደህና ነኝ እያልኩ። መርማሪው መጥቶ ልክ ነው ሲል ሻይ አፍልቼ አጠጣሁት።

ሆስፒታል ያልመጣሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ሁለት ጊዜ አውቶቡስ ጣቢያ ሄጃለሁ። ሹፌሩ «አባት፣ ይሳፈሩ እንጂ» ሲለኝ ሰው እየጠበቅኩ ነው አልኩት። ሹራቡም አይሰፋኝም ነበር። ለክታ እንደሠራችው ልኬ ነው። ልለብሰው አልቻልኩም።

ጠርጥረህ ነበር ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ብትመልስልኝ አልችለውም።

ይህን ወረቀት ለማኅበሩ ብትሰጥ መብትህ ነው። ግን አንድ ሳምንት ስጠኝ። በአፌ ልናገረው።


ኅዳር 15 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

«ይቅር አባባ፣ ለማንም አይንገሩ፣ እኔ እጄን ማመኔ ይበቃኛል» ብለህ ጽፈሃል። እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን አይሆንም። ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊት ተናግሬያለሁ። ቀድሞ ቢደርስም እናገር ነበር፤ ወይም እንደዚያ ብዬ ማሰብ እፈልጋለሁ።

መርማሪው ቢሮ ገብቼ ቆሜ ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም።

«ጋሽ ሸራ» አለኝ፣ «አማችዎን ለማዳን ብለው ከሆነ ይገባኛል። ግን እኔ በእጄ ነው የለካሁት።»

«የለካኸው እኔ ካረምኩት በኋላ ነው። ሻዩን ስትጠጣ ቆይተህ ነው የለካኸው።»

«ማስረጃ አለዎት?»

ማስረጃው ገመዱ ራሱ ነበር። ወስፌዬ የነካው ቦታ ሻክሯል። ከምልክቱ ስንዝር ከፍ ብሎ ገመዱ ተጣሞ ቀርቷል፤ በተቋጠረበት ዙሪያ አቧራ አልገባም። በመነጽሬ አሳየሁት። አዎ፣ በመነጽሬ። መርፌም የምሰካው በመነጽር ነው፤ መጀመሪያ የጻፍኩልህ ውሸት ነበር።

ማግስቱን ጠዋት ክንፉን ተሸክመን ማረፊያው ሜዳ ወጣን። ሰው አልተንጠለጠለበትም፤ መርማሪው መሬት ላይ ቆሞ በነፋሱ ሊያስነሳው ነው። ቋጠሮውን እኔ ነሐሴ ላይ እንደቋጠርኩት አድርጌ ቋጠርኩለት። ግማሽ ድረስ ተነሳና ወደ ኋላ ወደቀ፤ «ያን ቀን ያነሳለት የተራራው ብርቱ ነፋስ ነው» አለኝ። ደገመ፣ ወደቀ። ሦስተኛውን ሲሞክር እጀታዎቹን ጨርሶ ጥሎ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ነበር፣ እንደ ሌባ። ወደቀ። ከዚያ ምልክቱ ላይ ቋጠርኩለት። በአንዴ አናቱ ላይ ወጥቶ ቆመ። ገመዱ ልቅ ነው፣ አንድ ጭብጥ ይወዛወዛል፤ ክንፉ ግን ምንም አልመሰለውም። እኔ ስጠላው የኖርኩት መንዘላዘል።

መርማሪው ጨርቁን አጣጥፎ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። በኋላ «ባይነግሩኝ እኮ ማንም አያውቅም ነበር» አለኝ።

«የልጁ እጆች ያውቁ ነበር» አልኩት።

አዲስ ወረቀት ይጽፋል። ያንተ ፊርማ አያስፈልግም። እኔ ፈረምኩ፤ አውራ ጣቴን ቀለም ሊነክር ሲል ከልክዬው በፊደል ፈረምኩ። ትንሽ ኩራት ቀርቶኛል፣ ታገሰኝ።

አሞራው ብለው ይጥሩኝ፣ ናፈቀኝ ብለሃል። መጀመሪያ ልጄ ከፈቀደች።

አሁን የሚቀረኝን ልንገርህ። ማንም እንዲያግዘኝ አልፈልግም፤ ዕዳው የራሴ ነው።

ነሐሴ ላይም ከዚያ በፊትም በእጄ ያለፉ አሥራ አንድ ክንፎች አሉ። መርማሪው ቆሞ እያየ አንድ በአንድ እሰቅላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ከረጢትና ማሰሪያ እንጂ ገመድ አልነካም።

እሁድ ጠዋት ተማሪዎችህ ሜዳው ላይ ሲሰበሰቡ እቆማለሁ። «ምንም አይደል» ያልኳትን ቃል እመልሳለሁ። ረጅሙ ልጅ ካልመጣ ቤቱ ድረስ ሄጄ እነግረዋለሁ፤ እጀታውን እንደ ጡጦ ይዞ የቀረው እኔ ነኝ እለዋለሁ።

ስለ ሚስቴ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የእኔ ሥራ ነው ያልኩት ሁሉ ግማሹ የእሷ እንደነበር፣ ለሚሰማኝ ሁሉ መናገር አለብኝ። ከልጄ እጀምራለሁ።

ልጄን አንተ እንዳትነግራት። አደራ። ቅዳሜ በአውቶቡሱ እመጣለሁ፤ ሹፌሩን ቦታ ያዝልኝ ብዬዋለሁ፣ ይህን ደብዳቤም የሚያመጣልህ እሱ ነው። በስልክ አልነግራትም። ፊቴን እያየች ትስማኝ። ታስወጣኝ እንደሆነ በር ላይ እቆያለሁ፤ ሹራቡን መልሳ ከሰጠችኝ እዚያው እለብሰዋለሁ።

ያንተን ዕዳ መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ስለማያልቅ ነው። ከእሱ መጀመር የምችለው ትንሹን ነው። ልኩ ያለበትን ወረቀትህን ከግድግዳዬ ላይ ነቅዬ ኪሴ ውስጥ አድርጌዋለሁ። አልጋህ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ልቅ ይተው የሚለውን አንተ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ታነብልኛለህ፣ እኔም ጆሮዬን ሳልደፍን እስከ መጨረሻው እሰማለሁ።